የዘንገና ደንጊያና የአስጎብኚው ቃል

፩

በእንዲህ ያለ መጽሔት ትችት ሲጻፍ የተለመደው ነገር የታተመ መጽሐፍ አንሥቶ መልካሙን ማመስገን፥ ጉድለቱንም ማሳየት ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ትችት ግን በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ፥ ነገር ግን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ጆሮ ስለሚያገኝ ድርሰት ነው። ይኸውም አስጎብኚ ለእንግዳ የሚናገረው ቃል ነው። ይህ ቃል ደራሲው ባይታወቅም ሥርዓት አለው፤ መግቢያም፥ አካልም፥ መደምደሚያም አለው። ከአንዱ አስጎብኚ አፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ትናንት የመጣው እንግዳ የሰማውን ነገ የሚመጣው ይሰማዋል። የቃል ድርሰት የምንለው ይህን የመሰለውን ከሆነ፥ የአስጎብኚም ቃል ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር በሚመዘንበት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ። ከአዲስ አበባም ይሁን ከባሕር ማዶ የመጣ መንገደኛ ስለ አንድ ሕዝብ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማ ይሆናል፤ የሚሰማውም ከአንድ ሰው አፍ፥ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ያ ሰው ያላነሣው ነገር ሁሉ በእንግዳው ዘንድ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ስለዚህ አስጎብኚው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም መመርመር ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው አስጎብኚዎችን ለመንቀፍ እንዳልሆነ አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ። ጥፋቱ ከሰውዬው ይልቅ በሥራው አደረጃጀት ላይ መሆኑን፥ እኔም ከጥፋቱ ተካፋይ መሆኔን ወደ ፊት አሳያለሁ።

፪

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ገና አረንጓዴ ሳለ፥ ከውጭ አገር የመጡ ሁለት ወዳጆቼን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ አዊ ምድር ሄጄ ነበር። የሄድነው ለእኛ ለሦስታችን ብቻ በተያዘ መኪና፥ ከአንድ አስጎብኚ ጋር ነው። ውላችን የአንድ ቀን ነበር፤ ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሥተን ምሽት በ12 ሰዓት ልንመለስ። ወዳጆቼ እሳተ ገሞራ የሠራውን መሬት፥ ቋጥኙንና በተራራ እቅፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ለማየት እጅግ ይመኙ ነበር።

አስጎብኚያችን ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፥ ትሑትና ንግግሩ የተቈጠበ ወጣት ነው። በመራዊና በዱርቤቴ፥ ከዚያም በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አድርገን ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ሌላ ስሟ ኮሶበር ከሆነው ከእንጅባራ ደረስን። ቁርስ በልተን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት እንደ ሄድን መኪናው ቆመ፤ በእግራችን ገባ ብለን ከዘንገና አፋፍ ላይ ቆምን።

ሐይቁ ክብ ነው። ዙሪያው በዛፍ የተሸፈነ ገደል፥ ውሃው ጥቁር ሰማያዊ፥ ወለሉም ፀጥ ያለ ነው። የሚገባበት ወንዝም ሆነ ወጥቶ የሚሄድ ጅረት አይታይም። አስጎብኚያችን እጁን ዘርግቶ ቃሉን ጀመረ። «ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ሲሆን ከሻላ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ጥልቅ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንዲት ክፉ ሴት እንግዳ አላሳድርም ስላለች እግዚአብሔር ተቈጥቶ ቀዬዋን አሰጠመው።» ይህን ሁሉ ለመናገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከዚያ በአፋፉ ላይ ከሌላው ጐልቶ ወደ ቆመ አንድ ጥቁር ቋጥኝ መራንና «ጋሼ፥ ከዚህ ላይ ሆናችሁ ፎቶግራፍ ብትነሡ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ይታያል» አለን። ተነሣን።

በዚህ መካከል ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በበትራቸው እየተመረኰዙ ወደ እኛ ቀረቡ። አስጎብኚያችን ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸውና በአዊኛ ይነጋገሩ ጀመር። ሽማግሌው በበትራቸው ያን እኛ የቆምንበትን ቋጥኝ እያመለከቱ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ወጣቱ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ሁለቱም ሳቁ። «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው «ምንም አይደል፥ ጋሼ፤ የድሮ ሰው ወሬ ነው» አለኝ።

ሽማግሌው ግን አማርኛ አሳምረው ያውቁ ኖሯል። «ወሬ አይደለም፥ ልጄ። አያትህም ነግራሃለች» አሉና ወደ እኛ ዘወር ብለው ያጫውቱን ጀመር። እኔ ከአንድ ሰው አፍ የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ የአዊ ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ይላል አልልም።

በዚህ ስፍራ ቀዬ ነበረ አሉ። በቀዬው አንዲት ባለጸጋ እመቤት ነበረች። ሲመሽ አንድ መንገደኛ ከደጇ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ቢላት «ማደሪያ የለም» አለችው። «እንግዲያው እህል» ቢላት «እህል የለም» አለችው። «ውሃስ?» ቢላት «ውሃም የለም» አለችው። ጋኗ ግን ሙሉ ነበር። ከቤቷ የምታገለግል አንዲት ልጃገረድ ይህን ሰምታ በጓሮ በር ወጥታ በቅል ውሃ ይዛ ተከተለችው። መንገደኛውም ጠጣና «ወደ ኋላሽ አትመለሺ፤ ከዚህ ደንጊያ ላይ ቁሚ» አላት። ከቆመች በኋላ ከበስተኋላዋ ድምፅ ሰማች፤ ዘወር ብትል ቤቱም ቀዬውም ውሃ ሆኗል። ሽማግሌው «ውሃ የለም ያለችው ቤቷ ውሃ ሆነ» ብለው በትራቸውን በቋጥኙ ላይ አሳረፉ። «ልጅቱ የቆመችበት ይህ ነው።»

ወዳጆቼ ከቋጥኙ ላይ ወረዱ። ማንም ውረዱ አላላቸውም።

ሽማግሌው ነገራቸውን ሲጨርሱ «ቤቴ ቅርብ ነው፤ ጠላ ባይኖር ውሃ አይጠፋም፤ ግቡና ዕረፉ» ብለው ለመኑን። አስጎብኚያችን ሰዓቱን አየ። ጥርባ የሚባለውን ሌላውን ሐይቅ ገና አላየንም፤ ውላችን ደግሞ ምሽት ላይ ያበቃል። እኔም ውሉን ያዋዋልኩት እኔ ነኝና «ሌላ ጊዜ፥ አባቴ፤ እግዜር ይስጥልን» አልኩ። ሄድን። ጥርባንም አየን፤ ስለ ጥርባ ግን ዛሬ ብጠየቅ ከፎቶግራፉ በቀር የማስታውሰው ጥቂት ነው።

፫

እንግዲህ ወደ ትችቱ እንግባ። በመጀመሪያ የአስጎብኚውን ቃል መልካም ጎን መናገር ፍርድ ነው። ቁጥሮቹን አላጋነነም። ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» አለ እንጂ ከልቡ አላመነጨም። ገደሉ ቁልቁለት ስለሆነ ወደ ውሃው እንዳንወርድ ተጠንቅቆልናል። ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ፥ አንድ ጊዜ ብቻ፥ ቃሉ ሕይወት ዘርቶ ነበር። ይኸውም ወደ እንጅባራ ስንገባ ስለ ሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ሲነግረን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. መመሥረቱን፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች ተሰብስበው በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶች እንደሚያስቡ ሲተርክልን ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ «የአካባቢው ነዋሪዎች» ይል የነበረው ሰው ያን ጊዜ «እኛ» አለ። ይህን ለውጥ አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

የመጀመሪያው ጉድለት ቁጥርን ከምክንያቱ መለየት ነው። 166 ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዘንገና ወርድ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፥ በስፋቱ በአገራችን የሚተካከለው የሌለ ጣና ከፍተኛ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ከጎኑ ባላስቀመጥነው ጊዜ ቁጥሩ ዲዳ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተን በጣና ዳር አልፈን የመጣን ሰዎች ነበርን፤ አንድ ቃል ቢጨመርልን ኖሮ «ትንሹ ለምን ጠለቀ? ትልቁስ ለምን ሳሳ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። መልሱም በእጃችን የነካነው ደንጊያ ነበር። ጣና የተጠራቀመው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅላጭ ደንጊያ የውሃውን መውጫ ስለገደበው ነው ይላሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት። ዘንገና ግን የተፈጠረው በሌላ መንገድ ነው። ቅላጩ ከታች ሲወጣ ከከርሠ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ፤ ውሃውም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ምድሪቱን ከውስጥ አፈነዳት፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ቀረ፤ የተፈናጠረው ስብርባሪ ደንጊያና አመድ በዙሪያው ወድቆ ዛሬ የምንቆምበትን አፋፍ ሠራ። አንዱ እሳት በአንድ በኩል ግድብ፥ በሌላ በኩል ጕድጓድ ሆነ ማለት ነው። አስጎብኚያችን ፍንዳታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ወደ ደረጃው ተሻገረ። «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ለእንግዳ ጆሮ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሐይቁን እንደ ተሸላሚ ተማሪ በተራ ያቆመዋል እንጂ ምንነቱን አይገልጥም። 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ አንደኛ ስለሆነ ዘንገና የሚያንስበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ተረቱ በአስጎብኚው አፍ «ክፉ ሴት ነበረች፤ ቀዬው ሰጠመ» የሚል ሆነ። በሽማግሌው አፍ ግን ተረቱ ስለ ክፉዪቱ ሴት ብቻ አልነበረም። ውሃ ይዛ በጓሮ ስለ ወጣችው አገልጋይም ነበር። አጭሩ ቃል ቅጣቱን አስቀርቶ ምሕረቱን ጣለ፤ እመቤቲቱን ጠብቆ ልጅቱን አሰጠመ። የሕዝብ ተረት ሲያጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ድሃው ሰው መሆኑን ተረት የሰበሰበ ሁሉ ሳይታዘብ የቀረ አይመስለኝም።

ይህ ዐይነት ተረት በዘንገና ብቻ የሚነገር አይደለም። በጀርመን አገር በአይፍል አውራጃ በእንዲህ ያለ ፍንዳታ የተፈጠሩ ክብ ሐይቆች አሉ። ዋይንፌልደር ማአር ስለሚባለው ሐይቅ የአገሩ ሰዎች ድሆችን ታባርር የነበረች የአንድ መስፍን ሚስት ከነግንቧ እንደ ሰጠመች፥ ሕፃኑ ብቻ በተኛበት አልጋ ተንሳፎ እንደ ዳነ ይተርካሉ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድም ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት በፍርግያ ምድር ሁለት እንግዶች በየደጁ ቢዞሩ ማንም እንዳልተቀበላቸው፥ ባውኪስና ፊሌሞን የተባሉ ሽማግሌ ባልና ሚስት ብቻ በደሳሳ ጎጆአቸው እንዳሳደሯቸው ጽፏል። ሀገሩ ውሃ ሲውጠው እነዚህ ሁለቱ ከኮረብታ ላይ ሆነው አዩት። በሦስቱም ዘንድ ውሃው ይለያያል፥ ሕዝቡም ይለያያል፤ ነገር ግን የሚድን ሰው ሁልጊዜ አለ። በኦቪድና በሽማግሌው ዘንድማ የዳነው ሰው የሚቆምበት ከፍታም አለ። ስለዚህ የዘንገና ቋጥኝ በተረቱ ውስጥ ጌጥ አይደለም፤ የተረቱ ምስክር ነው። አስጎብኚው ያንኑ ቋጥኝ የፎቶግራፍ መቆሚያ አደረገው። ደንጊያው አንድ ነው፤ ከላዩ የተነሣለት ግን ስሙና ታሪኩ ነው።

፬

ሦስተኛው ጉድለት ስለ ቋንቋ ነው። ቀኑን ሙሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተነገረን፤ አዊኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ያወቅነው ግን ሽማግሌው በአጋጣሚ ስለመጡ ነው። አዊኛ ከዋግ ኽምጣጝኛ፥ ከኤርትራ ብሌንኛና ከቅማንትኛ ጋር የአገው ቋንቋዎች ወገን ሲሆን፥ ዛሬ በዞኑ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይማሩበታል። በውጭ ሊቃውንትም ያልታወቀ አይደለም፤ ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1905 (ከዚህ በኋላ በውጭ ሰዎች ሥራ ላይ የማሰፍራቸው ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዳንግላ ስለሚነገረው አዊኛ ጽፏል፤ ሮበርት ሄትዝሮንም በ1969 የቋንቋውን የግሥ ሥርዓት የሚመረምር መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚህም በላይ አማርኛ ራሱ ከአገው ቋንቋዎች ብዙ ነገር ወርሷል። በዐረፍተ ነገራችን መጨረሻ ግሥ ማምጣታችን እንኳ የኩሽ፥ ይልቁንም የአገው ቋንቋዎች ተጽዕኖ መሆኑን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አዊኛ የባዕድ ድምፅ ሳይሆን ከገዛ አነጋገሩ ሥር የሚሰማ ድምፅ ነው። ይህን ማንም አልነገረንም። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገደኛም ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያደንቅ፥ የዛጔ ነገሥታት ከአገው ወገን መሆናቸው ሳይነገረው የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን የማከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው በጎጃም፥ በዐባይ አካባቢ፥ ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ ይነገር ነበር። ቮልፍ ሌስላው በ1947 ሊያጠናው በመጣ ጊዜ በብዙ ድካም አራት ተናጋሪዎችን ብቻ አገኘ። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም። አዊኛ በዚህ ዐይነት አደጋ ላይ ነው አልልም፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ይናገሩታል። ነገር ግን ቋንቋ ከመጥፋቱ አስቀድሞ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ይገባል። አንድ ወጣት የአያቱን ተረት በአዊኛ እየሳቀ ተጫውቶ ወደ እንግዳ ዘወር ሲል «የድሮ ሰው ወሬ ነው» ካለ፥ ቋንቋውን ከአደባባይ ወደ ጓዳ ያስገባው በዚያች ደቂቃ ነው።

አራተኛው ጉድለት መሬቱን ከባለቤቱ መለየት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ፥ ቅጠላቸው ደቃቅ የሆነ ዛፎች ኮረብታውን አልብሰውታል። ከወዳጆቼ አንዱ «ምን ያለ ጥንታዊ ደን ነው!» ሲል አስጎብኚው አላረመውም። ዛፉ ዴከረንስ ነው፤ ትውልዱ ከአውስትራሊያ ነው። ገበሬው ከእህል ጋር እያፈራረቀ ይተክለዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቈርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። በዚህ ዛፍ ብዙ ቤተሰብ ቤት ሠርቶበታል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበት ብዙውን አድርቆታል። እንግዳው ጥንታዊ ደን አይቼ ተመለስኩ ይላል። ያየው ግን የገበሬ ማሳ፥ የገበሬ ተስፋና ስጋት ነው። የሐይቁ ዙሪያ ዛፍና የኮረብታው ዴከረንስ የተለያዩ መሆናቸውን መናገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ ከዚያም ወዲያ እንግዳው ከመስኮቱ የሚያየው ነገር ሁሉ መናገር ይጀምርለት ነበር።

፭

አስጎብኚን ቀጥሮ የአገውን ምድር የማየት ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከግሽ ዐባይ ሲደርስ ወልዶ የሚባል መሪ ነበረው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ወልዶ ከምንጩ አጠገብ በደረሱ ጊዜ አሞኛል እያለ አዘገመ፤ በመጨረሻም የልቡ ፍላጎት ብሩስ የታጠቀው የሐር መቀነት መሆኑን ገለጠ። ብሩስም መቀነቱን ፈትቶ ሰጠው፤ መሪውም ምንጩን አሳየው። ይህን ያነበበ ሁሉ በወልዶ ይስቃል። ነገር ግን ሰውየው ከጌታው ይልቅ ነገሩን ሳያውቅ አልቀረም፤ ለእርሱ ዘወትር የሚያየው ውሃ ለእንግዳው ከሐር የሚበልጥ መሆኑን ተረድቷልና። የአስጎብኚና የእንግዳ ውል ያን ጊዜም ይኸው ነበር፤ ምንጩን ማሳየት፥ ዋጋውን መቀበል።

ብሩስ በዚያ የፈለገው የመጀመሪያ መሆንን ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ከእርሱ 152 ዓመታት ቀድሞ፥ ያን ምንጭ ማየቱን ለመቀበል አልወደደም፤ በዚህም ነገር መጽሐፉ ዛሬ ይነቀፋል። ይሁን እንጂ ብሩስ ውሃውን ለንጉሡ ክብር ጠጥቶ ወዲያው አልሄደም። በመንደሩ ጥቂት ቀናት ተቀመጠ፤ የምንጩ አገልጋይ ከነበሩት፥ እርሱ ክፍለ ዐባይ ብሎ ከጠራቸው ሽማግሌ ቤት ገብቶ አገዎች በምንጩ ላይ ስለሚያደርጉት መሥዋዕት ጠየቀ፥ ሰማ፥ ጻፈ። ከዚያም መኃልየ መኃልይ የተባለውን መጽሐፍ የአገውንና የጋፋትን ጨምሮ ወደ አያሌ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አስተረጐመ። ጋፋትኛን ዛሬ የሚያጠና ሰው ወደዚያ ጽሑፍ ሳይመለስ አይሆንለትም። እንግዲህ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ከብሩስ ሥራ «አንደኛ ነኝ» ያለበት ክፍል ሲወድቅ፥ ቁጭ ብሎ የሰማበት ክፍል ቆሟል። ዛሬ የእኛ የአንድ ቀን ጉዞ ከብሩስ የወረሰው ደካማውን ክፍል ሆኖ፥ ብርቱውን ረስቶታል ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

፮

የጉድለቱ ሥር የት ነው? በመመለሻችን ከእንጅባራ ቡና ስንጠጣ አስጎብኚያችንን «ተረቱን እንዲህ አድርገህ ታውቀው ኖሯል፤ ለምን አልነገርኸንም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ከአያቴ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን እንግዳ የሚጠይቀው ጥልቀቱን ነው። አንድ ጊዜ አስረዝሜ ብናገር ሰዓታቸውን አዩ» አለኝ። ይህን መልስ የሰማ ሰው በወጣቱ ሊፈርድበት አይችልም። ዕውቀት አላነሰውም፤ ያነሰው የሚሰማው ሰውና የሚናገርበት ጊዜ ነው። ውሉ ስለ ደንጊያና ስለ ውሃ ተዋውሏል፤ የተከፈለውም ለሚታየው ነገር ነው። ስለ ፈረሶቹ ሲናገር «እኛ» ያለው፥ ያ በዓል በአደባባይ የሚከበር ስለሆነ ማፈር የሌለበት ነገር መሆኑን ስላወቀ ነው። የአያቱ ተረት ግን እንዲህ ያለ አደባባይ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተረቱ ለገንዘብ በየቀኑ ለእንግዳ የሚነገር ቢሆን አይረክስምን? ሽማግሌው በሰዓት ተቀጥረው በቋጥኙ አጠገብ ቢቆሙ ተረቱ እንደ አስጎብኚው ቃል ደርቆ አይቀርምን? ይህ ስጋት እውነት አለበት። በብዙ አገር እንዲህ ሆኗል፤ የሠርግ ዘፈን ያለ ሙሽራ ይዘፈናል። እኔ ግን የምለው ተረቱ ሁሉ ወደ እንግዳው ይምጣ አይደለም። እንግዳው ወደ ተረቱ ይሂድ ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በመጀመሪያው መንገድ ሽማግሌው የአስጎብኚው ዕቃ ይሆናሉ፤ በሁለተኛው ግን እንግዳው የሽማግሌው እንግዳ ይሆናል፤ ባለቤቱም የወደደውን ይናገራል፥ ያልወደደውን ይተዋል።

ስለዚህ በተግባር የማቀርበው ጥቂት ነው። አስጎብኚ ከጥልቀቱ አስቀድሞ የስፍራውን ሰዎች ማንነትና ቋንቋቸውን ያስተዋውቅ፤ ሰላምታ እንኳ ቢሆን በአዊኛ ያሰማ። ተረት ሲናገር «በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው» ከማለት «ከአያቴ እንደ ሰማሁት» ይበል፤ የቃል ሥራ እውነተኛ ምንጩ የተናጋሪው ስም ነውና። በቀኑ ውል ውስጥ ሁለት ሐይቅ ከማጣደፍ አንድ ሐይቅና አንድ ባዶ ሰዓት ይኑር። የዞኑ ተማሪዎችና መምህራንም እነዚህን ተረቶች በአዊኛና በአማርኛ ጎን ለጎን፥ ማን፥ መቼ፥ የት እንደ ተናገረው ጭምር ይመዝግቧቸው፤ የተለያዩ አነጋገሮች ቢገኙም አንዱን እውነተኛ ሌላውን ሐሰተኛ አያድርጉት።

ለዚህ ሥራ ጊዜው አሁን ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ወደዚያ የሚሄደው እንግዳ እጅግ ቀንሷል፤ አስጎብኚዎችም ብዙዎቹ ሥራ ፈትተዋል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ነገር ግን ሰላም ሲመለስ መንገዱ መከፈቱ አይቀርም፤ ሲከፈትም የሚነገረው ቃል ያው የሁለት ደቂቃው ቃል ይሁን ወይስ ሌላ፥ የሚወሰነው በዚህ በዝምታው ዘመን በሚሠራው ሥራ ነው።

ስለ ራሴ ጥፋት እናገራለሁ ብዬ ነበር። ሽማግሌው እንግዳ ስለ መለሰች ሴት ነገሩን፤ ነግረውንም ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ጠሩን። እኛ ደግሞ፥ ተረቱን ሰምተን ጉድ እያልን፥ ጥሪውን ገፍተን ሄድን። በተረቱ ውስጥ እንግዳን የገፋ ባለቤት ተቀጣ፤ ባለቤትን የሚገፋ እንግዳ ምን እንደሚሆን ተረቱ አልነገረንም። ወዳጆቼ በየአገራቸው ሆነው የዘንገናን ፎቶግራፍ ያሳያሉ። እኔ ግን ስዕሉን ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ጥልቀቱ አይደለም፤ «ውሃ አይጠፋም» ብለው የጠሩን ሰው ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ የዚያን ቤት ውሃ ለመጠጣት ሐሳብ አለኝ። ያን ጊዜ ሰዓት አልይዝም።